«አማካይ» እና «ልይይት»፦ ከአራዳ ገበያ ስፍር እስከ ልይይት ትንተና

የሦስት፣ የአራት ወይም ከዚያ የበለጡ ምድቦችን አማካይ ውጤት በአንድ ጊዜ አነጻጽሮ፣ በመካከላቸው የታየው ልዩነት በአጋጣሚ ብቻ ሊመጣ ይችል እንደሆነና እንዳልሆነ ለመመርመር የሚያገለግል የስታቲስቲክስ ስልት አለ። የእንግሊዝኛው ስም በአኅጽሮት «አኖቫ» ይባላል። ስልቱን ለአማርኛ አንባቢ ማስተዋወቅ የፈለገ ተርጓሚ ገና ከስሙ ላይ እንቅፋት ይገጥመዋል። የሚነጻጸሩት አማካዮች ሆነው ሳለ ስሙ ግን ስለ አማካይ አንድም ቃል አይናገርም፤ የሚናገረው ቁጥሮች እርስ በርሳቸው ስለሚለያዩበት ሁኔታ ነው። ይህ የስምና የግብር አለመገጣጠም የእንግሊዝኛውን ተማሪ ሲያስቸግር የኖረ ነው። በአማርኛ ደግሞ «ልዩነት» የሚለው ቃል በአማካዮች መካከል ላለው ብልጫም፣ በአንድ ምድብ ውስጥ ላሉት ቁጥሮች መበታተንም ያለ አንዳች ገደብ ስለሚነገር ችግሩ እጥፍ ይሆናል። «የልዩነት ትንተና» ተብሎ የተተረጎመ ጽሑፍ የቀረበለት አንባቢ፣ የትኛው ልዩነት በየትኛው ልዩነት እንደሚመዘን ሳያውቅ ንባቡን ይጨርሳል። ያነበበው ጽሑፍ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ መድኃኒት ወይም ስለ እህል ዋጋ ከሆነ፣ ያልገባው ነገር የቃላት ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንከተለው መንገድ የታሪክ መንገድ ነው። አማርኛ ለመለካት፣ ለመስፈርና ለማነጻጸር የሚጠቀምባቸውን ቃላት አብዛኛውን ያገኘው ከትምህርት ቤት በፊት ከገበያ ነው። ከገበያዎች ሁሉ ደግሞ ለአዲስ አበባ አማርኛ ቅርብ የሆነው የአራዳ ገበያ ነው።

እንደሚታወቀው አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ገደማ ከተቆረቆረች በኋላ የከተማይቱ ንግድ የተሰበሰበው ከቤተ መንግሥቱ በስተምዕራብ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ በተንጣለለው በአራዳ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ከየአውራጃው የሚመጣው ገበያተኛ እህሉን፣ ቅቤውን፣ ማሩን፣ ቡናውን፣ ሸማውንና አሞሌ ጨውን ይዞ በየተራው ይቀመጣል። የአርመን፣ የግሪክ፣ የዐረብና የህንድ ነጋድያን ሱቆች ደግሞ በዙሪያው ይሰለፋሉ። ከነዚህም መካከል የህንዳውያኑ የመሐመድ አሊ ኩባንያ በሰፊው የታወቀ ነበር። ገበያውን የሚቆጣጠረውና ቀረጡን የሚያስከፍለው ነጋድራሱ ሲሆን፣ የአዲስ አበባው ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ሚኒስትሮችን በሾሙ ጊዜ የንግድ ሚኒስትርነትን ሥልጣን አግኝተዋል። በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ፣ የአገሬው ሰው ገበያ ከአራዳ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ተዛወረና ዛሬ መርካቶ የምንለው ሆነ። የቀድሞው ሥፍራም ፒያሳ የሚለውን ስም ያዘ። ሁለቱም ስሞች የጣሊያንኛ ናቸው፤ አንዱ «ገበያ»፣ ሌላው «አደባባይ» ማለት ነው። ገበያው ቢሄድም አራዳ የሚለው ስም ግን አልጠፋም፤ እንዲያውም ከቦታ ስምነት አልፎ የነቃ፣ ዘዴኛ ሰው መጠሪያ እስከመሆን ደርሷል። የቦታ ስም ወደ ቅጽልነት ሲለወጥ በአማርኛ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም አይደለምና የመዝገበ ቃላት ሠራተኞች ሊያጤኑት ይገባል።

ወደ ስፍሩ እንመለስ። በዚያ ገበያ እህል በቁና ይሰፈራል፤ ቅቤና መሰል ዕቃ በነጥር፣ ወርቅ በወቄት፣ ቡናና የዝሆን ጥርስ በፈረሱላ ይመዘናል። ለወቄት መነሻ የነበረው የማርያ ቴሬዛ ብር ክብደቱ 28 ግራም ያህል ነው። ነገር ግን እነዚህ ስሞች በየቦታው አንድ ዓይነት መጠን አልነበራቸውም። የአንዱ ገበያ ቁና ከሌላው ይበልጣል ወይም ያንሳል፤ ፈረሱላም እንደ ዕቃው ዓይነትና እንደ አገሩ ይለያያል። ከዚህም ሌላ አንዱ ሰፋሪ ቁናውን ከምሮ ሲሰፍር ሌላው አፉን ልክ አድርጎ ይሰፍራል፤ ያው ሰፋሪም ቢሆን ጧት የሰፈረውና ማታ የሰፈረው እኩል አይሆንለትም። ስለዚህ ገዢው ልቡ ውስጥ የሚያመላልሰው ጥያቄ ሁለት ገጽ አለው። ይህ ሰፋሪ ከዚያኛው የበለጠ ይሰፍራልን? የበለጠ የሚሰፍር መስሎ የታየኝስ የዛሬው እጁ ስለቀና ብቻ ይሆንን? በሰፋሪዎች መካከል ያለውን ልዩነት በእያንዳንዱ ሰፋሪ እጅ ውስጥ ካለው መዋዠቅ ጋር ካላመዛዘነ በቀር ገዢው መልስ አያገኝም። ኋላ እንደምናየው የልይይት ትንተና ማለት ይኸው ማመዛዘን ነው። ገበያተኛው ስሌቱን አያውቀውም፤ ጥያቄውን ግን ያውቀዋል።

ከዚሁ ሙያ የወጡት ቃላት ዛሬም በስታቲስቲክስ ጽሑፍ ውስጥ ሥራ ላይ ናቸው። ሰፈረ ከሚለው ግሥ ስፍር፣ መስፈሪያ፣ ሰፋሪ የሚሉት ወጥተው፣ በቅርቡ ደግሞ «መስፈርት» የሚለው ረቂቅ ስም ተፈጥሯል። መስፈርት የሚለውን ቃል በየመሥሪያ ቤቱ ማስታወቂያ የሚያነብ ሰው ቁናን ባያስብም፣ የቃሉ አባት ቁና ይዞ የሚሰፍረው ሰው ነው። «ናሙና» ከፋርስ ቋንቋ ተነሥቶ በንግድ መስመር ወደ ብዙ የምሥራቅ ልሳናት የገባ ቃል ነው። ከጆንያው ላይ በእጅ ተዘግኖ ለገዢው የሚታየው ጥቂት እህል ናሙና ነው፤ ከሕዝብ ውስጥ ተመርጠው የሚጠየቁት ጥቂት ሰዎችም ናሙና ናቸው። የትርጉሙ ዝውውር ምንም ስብራት ስላልነበረበት ቃሉን ማንም እንደ አዲስ አላየውም። «ሠንጠረዥ» ደግሞ በመኳንንቱ ዘንድ የታወቀው የጨዋታ ስም ነበር። ከሳንስክሪት በፋርስና በዐረብኛ በኩል የመጣው ይህ ስም፣ የጨዋታው ገበታ በአግድምና በቁልቁል መሥመር የተከፋፈለ በመሆኑ፣ ቁጥር የሚደረደርበትን ሰሌዳ ለመጥራት ተሸጋገረ። የሙያ ቃል ሲሸጋገር ቅርጹን ተከትሎ እንደሚሸጋገር ከዚህ የተሻለ ምስክር አናገኝም።

«ተራ» ለምድብ መጠሪያ ሊሆን ይችል ነበር። እህል ተራ፣ ቅቤ ተራ፣ ሸማ ተራ እያለ ገበያተኛው ሸቀጥን በምድብ ሲጠራ ኖሯል፤ በፒያሳ አጠገብ የነበረው አትክልት ተራም እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ወደ ጃን ሜዳ እስኪዛወር ድረስ የከተማው የአትክልት ዋጋ የሚወሰንበት ሥፍራ ነበር። ነገር ግን ተራ ማለት «የማይደነቅ» ማለትም ስለሆነ፣ «የሦስቱ ተራ አማካዮች» ቢባል አንባቢው አማካዮቹ የተናቁ መስሎ ይሰማዋል። «ቡድን» ለሰዎች ስብስብ ያደላል። ስለዚህ ለዕቃም፣ ለመሬትም፣ ለሰውም እኩል የሚስማማው «ምድብ» ነው፤ እኛም እስከ ጽሑፉ መጨረሻ በዚሁ እንቀጥላለን።

ከሁሉ ይልቅ ብዙ ክርክር የሚያስነሣው ግን «አማካይ» ነው። በጽሑፍም በቃልም «አማካይ» እና «አማካኝ» ጎን ለጎን ይነገራሉ። ሰው የለመደውን ቢናገር አንከስም፤ መዝገበ ቃላት ግን ከሁለቱ አንዱን ዋና ማድረግ አለበት። መልሱን የሚሰጠው የቃሉ እርባታ ነው። የግእዙ ማእከል በአማርኛ መካከልን አስገኝቷል፤ ከዚሁም አማከለ የሚለው ግሥ ወጥቷል፤ «ፍላጎትን ያማከለ» ሲባል እንደሚሰማው ማለት ነው። በአማርኛ የአድራጊ ስም ሲወጣ የግሡ መጨረሻ ል ወደ ይ ይለወጣል፦ ከፈለ ከፋይ፣ ገደለ ገዳይ፣ አቃጠለ አቃጣይ። በዚሁ ሕግ አማከለ አማካይን ይሰጣል። የመጨረሻው ፊደል ን ሲሆን ግን ወደ ኝ ይለወጣል፦ ለመነ ለማኝ፣ ዘፈነ ዘፋኝ፣ መዘነ መዛኝ። ስለዚህ «አማካኝ» የሚለው ቅርጽ በን የሚጨርስ ግሥ ይጠይቃል፤ ያለን የቅርብ ግሥ ደግሞ መከነ ነው። መካን ከሚለው ቃል ጋር መዛመድን ለአንድ የሒሳብ ቃል የሚመኝለት ያለ አይመስለንም። አማካይን ዋና፣ አማካኝን ደግሞ ወደ እርሱ የሚመራ ተጓዳኝ አድርጎ ማስገባት ይበቃል። የእግር ኳስ ጋዜጠኞች የመሀል ሜዳውን ተጫዋች አማካይ ማለታቸውም ይህንኑ እርባታ ይደግፋል፤ ተጫዋቹ የኋላውንና የፊቱን ያማክላልና።

«መካከለኛ» የሚለውን ቃል ለአማካይ መጠቀም ግን ፈጽሞ መወገድ ያለበት ነው። ቁጥሮች ከትንሹ ወደ ትልቁ ተደርድረው መሀል ላይ የሚገኘው ቁጥር መካከለኛ ቢባል ያስኬዳል፤ አማካይ ግን ተደምሮ የተካፈለው ነው። በገበያ ቋንቋ ደግሞ መካከለኛ የደረጃ ስም ነው፤ ከምርጡ ያነሰ፣ ከመናኛው የተሻለ ማለት ነው። እዚህ ላይ የጤፍ ነጋዴ አጠራር አንድ ነገር ያስተምረናል። ነጭና ቀይ ጤፍ ሲቀላቀል ሠርገኛ ይባላል እንጂ መካከለኛ አይባልም። ነጋዴው ድብልቅንና አማካይን ለይቶ ያውቃል ማለት ነው። ሠርገኛ ጤፍን በእጁ ዘግኖ የሚያይ ሰው «አማካዩ ሮዝ ነው» አይልም፤ ሁለት ዓይነት ፍሬ ያያል። የብዙ ምድቦችን ቁጥሮች በአንድ ላይ ደምሮ አንድ አማካይ ብቻ የሚያወጣ ዘገባ ይህን የነጋዴ ዓይን ያጣል።

አሁን ወደ ዋናው ቃል ደርሰናል። ልዩነት «ልዩ» ከሚለው ቅጽል በ«ነት» የወጣ የኹነት ስም ነው፤ አንዱ ነገር ከሌላው ልዩ መሆኑን ይናገራል። ሁለት ነገሮች ካሉ ልዩነታቸው አንድ ነው። ልይይት ግን ከተለያየ የሚወጣ ነው፤ ተወያየ ውይይትን፣ ተመካከረ ምክክርን፣ ተለዋወጠ ልውውጥን እንደሚሰጥ ሁሉ። የዚህ ዓይነት ስም የብዙዎችን፣ የእርስ በርስ ድርጊት ያመለክታል። አንድ ሰው ብቻውን ውይይት እንደማያደርግ ሁሉ አንድ ቁጥርም ብቻውን ልይይት የለውም። የስታቲስቲክሱ ሐሳብም ይህንኑ ይፈልጋል፤ የምንለካው የአንዱን ከአንዱ መብለጥ ሳይሆን፣ የብዙ ቁጥሮችን በአማካያቸው ዙሪያ መበታተን ነው። ስለዚህ በሁለት አማካዮች መካከል ላለው ብልጫ «ልዩነት»፣ ለቁጥሮች መበታተን ልክ «ልይይት» ብንል፣ አንባቢውን ያደናገረው እጥፍ ትርጉም ይወገዳል።

በዚህ ላይ የሚነሡ ሁለት ተቃውሞዎች አሉ። አንደኛው ተለያየ ባልና ሚስት ሲፋቱ ወይም ወዳጆች ሲሰነባበቱ የሚነገር በመሆኑ ልይይት የመራራቅን ስሜት ይዞ ይመጣል የሚል ነው። ለዚያ ግን «መለያየት» የሚለው ስም አስቀድሞ ቦታውን ስለያዘ ልይይት ለሙያ አገልግሎት ነፃ ሆኖ ይገኛል። ሁለተኛው የበረታ ነው። አንዱን ቁጥር ከአማካይ የሚለየውን መጠንም፣ የእነዚህን መጠኖች ካሬ አማካይም ሁለቱንም ልይይት ማለት ከወጣንበት ማጥ መልሶ ይከተናል። እኛ የመጀመሪያውን «ርቀት» ብንል እንመርጣለን። ርቀቱ በራሱ ተባዝቶ፣ ተደምሮ፣ ሲካፈል ልይይት ይሆናል። ሒሳብ የሚያስተምር ሁሉ የሚያውቀው ቅደም ተከተል ይህ ስለሆነ ቃሉም ሥራውን ተከትሎ ይሄዳል።

የእንግሊዝኛው ቃል ራሱ ዕድሜው የረዘመ አይደለም። በዚህ የሙያ ትርጉሙ ያስገባው እንግሊዛዊው ሮናልድ ፊሸር ሲሆን፣ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1918፣ ነገሩም የዘር ውርስን በሚመለከት በጻፈው ጥናት ውስጥ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ፊሸር ሮታምስተድ ወደሚባለው የእርሻ ምርምር ጣቢያ ገባ። ጣቢያው እ.ኤ.አ. ከ1843 ጀምሮ በየመደቡ ልዩ ልዩ ማዳበሪያ እያደረገ የምርቱን መጠን ሲመዘግብ የቆየ በመሆኑ ብዙ ቁጥር ተከማችቶ ነበር። ችግሩ ግን የአራዳው ገዢ ችግር ነበር፤ አንዱ መደብ ከሌላው የበለጠ ያፈራው በማዳበሪያው ነው ወይስ በመሬቱ፣ በዝናቡ፣ በአጋጣሚው? እ.ኤ.አ. በ1923 ፊሸርና ማኬንዚ የልዩ ልዩ ድንች ዝርያዎችን ለማዳበሪያ የሚሰጡትን ምላሽ አስመልክተው ባወጡት ጥናት የልይይት ትንተና ሥራ ላይ ውሎ ታየ። በ1925 የታተመው የፊሸር መጽሐፍ ስልቱን በየላቦራቶሪው አዳረሰው። አሜሪካዊው ስኔዴኮር በ1934 የሁለቱን ልይይቶች ንጽጽር በፊሸር ስም የመጀመሪያ ፊደል ጠራው፤ ይህም በአማርኛ «ኤፍ» እየተባለ ይነገራል። ፊደሉን መተርጎም አያስፈልግም፤ የሰው ስም ነውና።

ስልቱ ወደ ኢትዮጵያ የገባውም በዚያው በእርሻው በር ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ከአሜሪካው የኦክላሆማ ኮሌጅ ጋር በመተባበር የተቋቋመው የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ ትምህርቱን የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነበር። በ1966 የተመሠረተው የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩትም የዝርያ ሙከራዎቹን ውጤት የሚያወጣው በዚያው ቋንቋ ነበር። ስለዚህ በጤፍና በስንዴ ማሳ ላይ ስልቱ አሥርት ዓመታት ሲሠራበት የአማርኛ ስም አላስፈለገውም። ስም ያስፈለገው ውጤቱ ለገበሬው፣ ለግብርና ሠራተኛውና ለሹሙ በአማርኛ መነገር ሲኖርበት ነው። በዚያን ጊዜም የሚነገረው መደምደሚያው ብቻ ሆነ፦ «ይህ ዝርያ በአማካይ ይበልጣል»። በምን ያህል መዋዠቅ መካከል እንደሚበልጥ የሚናገረው የስልቱ ግማሽ አካል በእንግሊዝኛው ዘገባ ውስጥ ቀረ። የሙያ ቃል አለመኖር ማስረጃውን ከመደምደሚያው ሲለይ የሚታየው በዚህ ዓይነት ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 የተቋቋመው የአማርኛ ቋንቋ አካዳሚና ተተኪው የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ በሙያ ቃላት ላይ የደከሙት ይህን የመሰለውን ክፍተት ለመድፈን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላትም የዚያ ድካም ፍሬ ነው።

ቃላቱ ሥራቸውን መሥራት አለመሥራታቸውን ለማየት ወደ አራዳ ተመልሰን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ቁጥሮቹ ለማስረዳት ያህል እኛው ያበጀናቸው ናቸው። ሦስት ሰፋሪዎች እያንዳንዳቸው ሦስት ቁና ጤፍ ሰፈሩና የእያንዳንዱ ቁና ክብደት በነጥር ተመዘነ እንበል። የመጀመሪያው 14፣ 15፣ 16 ሆነ፤ የሁለተኛው 15፣ 16፣ 17፤ የሦስተኛው 19፣ 20፣ 21። አማካዮቻቸው በተራ 15፣ 16 እና 20 ሲሆኑ የሁሉም ጠቅላላ አማካይ 17 ነው። እያንዳንዱ ቁና ከ17 ያለውን ርቀት በራሱ አባዝተን ብንደምር 48 እናገኛለን። ይህ ድምር ያለ ትርፍ ለሁለት ይከፈላል። ምድቦቹ ከጠቅላላው አማካይ የራቁበት 42 ነው፤ ቁናዎቹ ከየምድባቸው አማካይ የራቁበት 6 ነው። የስልቱ እምብርት ይህ አከፋፈል ነው። አርባ ሁለቱ ለ2፣ ስድስቱ ለ6 ይካፈላሉ፤ ለምን ለነዚህ ቁጥሮች እንደሆነ ከታች እናነሣለን። ስለዚህ በምድቦች መካከል ያለው ልይይት 21፣ በምድቦች ውስጥ ያለው ልይይት 1 ይሆናል፤ ኤፍም 21 ነው። በሰፋሪዎቹ መካከል ምንም ልዩነት ባይኖር ኖሮ፣ በዚህ የቁጥር ብዛት ኤፍ ከ5.14 የሚበልጠው ከመቶ 5 ጊዜ ያህል ብቻ ነበር። እዚህ የተገኘው ከዚያ እጅግ ይርቃል፤ የሦስተኛው ሰፋሪ ቁና የተለየ መሆኑን መጠርጠር ይገባል።

አሁን አማካዮቹን ሳንነካ የሰፋሪዎቹን እጅ እንለውጥ። የመጀመሪያው 10፣ 15፣ 20፤ ሁለተኛው 11፣ 16፣ 21፤ ሦስተኛው 15፣ 20፣ 25 ሰፈረ እንበል። አማካዮቹ አሁንም 15፣ 16 እና 20 ናቸው። በምድቦች መካከል ያለው ልይይትም እንደ በፊቱ 21 ነው። በምድቦች ውስጥ ያለው ልይይት ግን ከ1 ወደ 25 ዘለለ፤ ኤፍም ወደ 0.84 ወረደ። አማካዮቹን ብቻ ያሳተመ ጋዜጣ ለሁለቱም ቀን አንድ ዜና ያወጣል፤ የሚታመነው ግን የአንዱ ቀን ብቻ ነው። አማካዮችን የሚያነጻጽር ስልት በልይይት ስም የተጠራበት ምክንያት ይህ ነው። ለዚህም ነው «አማካዮችን ማነጻጸሪያ» የሚለውን ገላጭ ስም፣ ለመጀመሪያ ንባብ ቢያመችም፣ በ«ልይይት ትንተና» ቦታ ለመተካት የማንስማማው። ገላጩ ስም የስልቱን ዓላማ ይነግረናል፤ እንዴት እንደሚፈርድ ግን ይደብቅብናል። በመዝገበ ቃላቱ ፍች ውስጥ ዓላማው ቢጻፍ፣ በርእሱ ላይ ስልቱ ቢጠራ ሁለቱም ይገኛሉ።

አንዳንዶች «ለምን ሁለት ሁለቱን እያነጻጸርን አንጨርሰውም?» ይላሉ። ሦስት ምድቦች ሦስት ጥንዶችን ይሰጣሉ፤ አምስት ምድቦች ግን አሥር ጥንዶች ናቸው። በእያንዳንዱ ጥንድ ላይ ከመቶ 5 ጊዜ በከንቱ ልንደነግጥ ብንፈቅድ፣ ጥንዶቹ እርስ በርስ የማይነካኩ ቢሆኑ ከአሥሩ ቢያንስ በአንዱ የመሳሳት ዕድላችን ከመቶ 40 ይደርሳል። አሥር ሱቅ ዞሮ «አንዱ አታለለኝ» የሚል ገዢ ማለት ነው። የልይይት ትንተና ሁሉንም በአንድ ጥያቄ ይጠይቃል። የትኛው ምድብ ከየትኛው እንደተለየ ግን ብቻውን አይናገርም፤ ለዚያ ሌላ ተከታይ ንጽጽር ያስፈልጋል። ተርጓሚው ይህን ሳያጤን «ሦስቱም የተለያዩ መሆናቸው ተረጋገጠ» ብሎ ቢጽፍ፣ ጥናቱ ያላለውን አስባለው።

ከስልቱ ጋር የሚመጡትን ሌሎች ቃላት ባጭሩ እንለፋቸው። በምድብ ውስጥ ያለውን ልይይት እንግሊዝኛው «ስሕተት» ብሎ ይጠራዋል፤ ቃል በቃል ብንመልሰው አንባቢው ማን እንደተሳሳተ ይጠይቃል። የተሳሳተ ሰው የለም፤ በምድቡ ያልተገለጸው ተርፎ ነው። ስለዚህ «ቅሪት» ይሻላል። በማሳ ላይ የሚደረገውን ማዳበሪያና የመሳሰለውን «ሕክምና» ማለት ሳቅ ያስነሣል፤ «አያያዝ» ይበቃዋል። ውጤቱ በአጋጣሚ ብቻ የማይገለጽ ሲሆን «ጉልህ» መባሉ መልካም ነው፤ ነገር ግን ጉልህ ማለት ትልቅ ወይም ጠቃሚ ማለት እንዳልሆነ በፍቹ መጻፍ አለበት፤ አንድ ነጥር የማይሞላ ብልጫም ሰፋሪው እጁ የማይዋዥቅ ከሆነ ጉልህ ሊሆን ይችላል። «መላ ምት» በሚገባ ተቀባይነት ያገኘ ስለሆነ የምንጨምርበት የለም። «ድግግሞሽ» ግን በአንድ በኩል አንድ ቁጥር ስንት ጊዜ እንደታየ፣ በሌላ በኩል ሙከራው ስንት ጊዜ እንደተደጋገመ ስለሚነገር፣ ለሁለተኛው «ድጋሚ» የሚለውን ብንለይለት እንወዳለን።

ያልተቋጨ የሚቀረው ከላይ በ2 እና በ6 ያካፈልንበት ጉዳይ ነው። የሦስት ቁጥሮች አማካይ 15 መሆኑ ከታወቀ፣ ሁለቱን ቁጥሮች እንደፈለግን ልናስቀምጥ እንችላለን፤ ሦስተኛው ግን ግዴታ ይሆንበታል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ሰፋሪ ነፃ የሆኑት ሁለት ሁለት ናቸው፤ በሦስቱ 6። ሦስቱ አማካዮችም በ17 ስለሚታሰሩ ነፃዎቹ 2 ናቸው። እንግሊዝኛው ይህን በ«ነፃነት» እና በ«ዲግሪ» አጣምሮ ይጠራዋል። «የነፃነት ደረጃ» የሚለው ትርጉም የሒሳብ ሳይሆን የሕግ ቃል ይመስላል፤ «ደረጃ» የሚለውም ከፍና ዝቅን እንጂ ብዛትን አይናገርም። እኛ ለጊዜው «የነፃ ቁጥሮች ብዛት» የሚለውን እንይዛለን፤ ሦስት ቃል መሆኑ በሠንጠረዥ ራስ ላይ ቦታ ስለሚያጣብብ ግን ከዚህ ያጠረና ይህንኑ የሚል ቃል ከአንባብያን ቢቀርብ በሚቀጥለው የቃላት ዝርዝር ውስጥ ለውይይት እናስገባዋለን።